የእቴቴ ራስጌ ግድግዳ

በአክስቴ ራስጌ ያለውን ግድግዳ ያሻገትኩት እኔ ነኝ። ይህን መጀመሪያውኑ መናገር ይሻላል፤ ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በዝናቡ፣ በቀበሌው፣ በጎረቤት ጣሪያና በአሮጌው ጭቃ ላይ ስናከፋፍለው ኖረናልና። እነሱም ድርሻ ነበራቸው። ትልቁ ድርሻ ግን የእኔ ነበር።

ቤታችን ከልደታ ማርያም ወደ ሰንጋ ተራ ሲኬድ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ሁለት ክፍል ያለው የቀበሌ ጭቃ ቤት ነበር። በውስጠኛው ክፍል አክስቴ ይተኛሉ። በሌላው ይበሰላል፣ እንግዳ ይቀመጣል፣ እኔም አጠናለሁ፣ እተኛለሁ። አክስቴን እቴቴ ነበር የምላቸው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናቴ ስትሞት ከገጠር አምጥተው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በልጅነቴ ትምህርት ቤት አላስገቡኝም፤ ትዝ አላላቸውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ራሴ ሄጄ የማታ ትምህርት አንደኛ ክፍል ስመዘገብ ግን አልተቃወሙም፤ «ይኼን ያህል ካማረሽ» ብለው ደብተር ገዙልኝ። አሁን የምጽፈው ነገር በሆነበት ዓመት ሠላሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ፣ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል የማወጣና የማስገባ፣ ማታ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ወረቀት ሲያቃጥል የታየ ሰው የሚጠየቅበት ጊዜ ካለፈ ገና ብዙ አልቆየም።

ያን ጊዜ የጭቃ ቤት ውስጡ በጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። ለአዲስ ዓመት ሁሉም ይለጥፋል፤ የቻለ ለፋሲካ ይደግማል። አሮጌውን ማንም አያነሣም፤ አዲሱ በላዩ ይሄዳል። እኔ ታዲያ እንደ ሌላው ሰው አልለጥፍም ነበር። የተገለበጠ ፊደል በግድግዳችን ላይ አይገኝም። ገጽ ሁለት ከገጽ አንድ ቀጥሎ ነው የሚመጣው፤ ወደ ሌላ ገጽ የዞረ ጽሑፍ ካለም የዞረበት ገጽ ከጎኑ ይለጠፋል። ወረቀቱ በሁለት በኩል የታተመ ስለሆነ ለዚህ ከእያንዳንዱ ጋዜጣ ሁለት ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው አሮጌ ጋዜጣ አያጣም። ማንበብ የተለማመድኩትም በግድግዳ ላይ ስለነበር፣ ግድግዳ የሚነበብ ነገር መሆን አለበት ብዬ አምን ነበር።

ሙጫውን የምሠራው በስንዴ ዱቄት ነው። ከኅብረት ሱቅ በራሽን ካገኘነው ዱቄት ቀንሼ በውሃ እበጠብጠዋለሁ፤ እሳት ላይ አማስለውና እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን አወጣዋለሁ። ሌላው ሰው የጋዜጣውን ጠርዝ ጠርዝ ብቻ ይቀባል። እኔ ግን ሥራ ከሠሩ አይቀር ብዬ ሙሉውን ገጽ በሁለት እጅ ነበር የምቀባው። እቴቴ «ለእኛ ያልተረፈ ዱቄት» ይላሉ፤ ሲያልቅ ግን መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው «ሞቅ አለ» ይላሉ።

እቴቴ በዓለም ላይ ሁለት ነገር ይፈሩ ነበር፤ እግዚአብሔርንና በመስኮት የሚገባ ነፋስን። እግዚአብሔር ይምራል ይሉ ነበር። ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊት የመኝታ ክፍሉን መስኮት ይዘጉና ዙሪያውን በጨርቅ ይወትፉታል። በበሩ ሥር ጆንያ ይጋደማል። ቁም ሣጥኑ ብርዱን እንዲመክት ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ አልጋውም እንደዚሁ። ከውጭ ሲዘንብ የታጠበ ልብስ በዚያው ክፍል ውስጥ ይሰጣል። ቤቱ እንደ ታሸገ ፖስታ ይሆናል። በውስጡ እቴቴ ያስላሉ።

ሳሉ የቆየ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ከበልጉ ዝናብ ጀምሮ ሳል መሆኑ ቀርቶ ማፈን ሆነ። በዚያው ሰሞን በራስጌያቸው በኩል ጋዜጣው እያበጠ መጣ። ቀጥሎ ነጠብጣብ አወጣ፤ መጀመሪያ እንደ ዝንብ ኩስ፣ በኋላ እንደ ጥቁር ምስር። አንድ ስለ እህል ምርት የሚናገር ረጅም ጽሑፍ ከመካከሉ ጀምሮ የማይነበብ ሆነ። እኔም የሚደረገውን አደረግሁ፤ ሙጫ ሠርቼ አዲስ ጋዜጣ ደረብኩበት። በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲሱም ጠቆረ።

ለግንቦት ልደታ የእቴቴ ልጅ ከናዝሬት መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣል፣ ጋሼ እለው ነበር። ንፍሮው ተበልቶ ካበቃ በኋላ እናቱ ክፍል ገብቶ አሸተተ፣ ከዚያ የእናቱን ትንፋሽ ቆሞ አዳመጠ።

«እማዬ፣ ይኼ ቤት እየበላሽ ነው» አለ።

«ቤት ሰው አይበላም።»

«ይኸው እየበላሽ። ነርሷ ምን አለችሽ?»

«ምን ትለኛለች፣ ልጅ እግር ናት።»

ወደ እኔ ዞረ። ነርሷ ያለችውን ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄጄ ስለነበር አውቀዋለሁ፤ ቃል በቃል ነገርኩት። «መጀመሪያ ደረቅ ቤት ይተኙ። መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚሠራው» ነበር ያለችው። በእኔ ክፍል እንዳይተኙ ደግሞ የምድጃው ጭስ ከእርጥበቱ ይብስባቸዋል።

ጋሼ ግድግዳውን በጣቱ ተጫነው። ጣቱ ገባ።

«እንግዲህ ስሚኝ» አለ። «ለመስቀል እመጣለሁ። ይኼ ግድግዳ ደርቆ ካገኘሁት አልናገርሽም። እንዲህ እንዳለ ካገኘሁት ግን ጭኜሽ ነው የምሄደው። ናዝሬት ቤቴ ብሎኬት ነው፣ አገሩም ደረቅ ነው።»

«ናዝሬት ሙቀት ነው።»

«ሙቀት ነው።»

«ማርያም ትኑር አትኑር የማላውቀው አገር።»

«እናት፣ ማርያም የሌለችበት አገር የት አለ?»

እቴቴ ያሉት የዚህችን የልደታዋን ማርያም ነበር። አርባ ዓመት በአንድ ደጅ ኪዳን አድርሰዋል። በዚያ ደጅ የሚቀመጡበት ድንጋይ የታወቀ ነው፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ይነሣላቸዋል። ቀበሌው ደግሞ የተመዘገበው ሰው የሌለበትን ቤት ለሌላ ይሰጣል፤ ስለዚህ አንዴ ከሄዱ መመለሻ የላቸውም። እኔም መድረሻ የለኝም፤ ያን ጊዜ ያሳሰበኝ በአመዛኙ የእሳቸው ነበር ብል ግን ብዙ አልዋሸሁም።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል የሳይንስ አስተማሪያችን አንድ ቁራሽ ዳቦ በብርጭቆ ከድኖ አምጥቶ አሳየን። ዳቦው ጠጉር አብቅሏል። «ሻጋታ እንደ ተክል ምግቡን ራሱ አያዘጋጅም» አለ፤ «ተዘጋጅቶ የተቀመጠለትን ነው የሚበላ። እርጥበት፣ የታፈነ አየርና ምግብ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። ምግቡ እንጀራ ሊሆን ይችላል፣ ቆዳ ሊሆን ይችላል፣ ዱቄት ሊሆን ይችላል።» ሁሉንም ቃል በቃል እየጻፍኩ ነበር። «ዱቄት» ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አስተማሪው ያልገባኝ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ገብቶኛል አልኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ነገሩን ለጎረቤታችን ነገርኳት። የጉራጌ ሰው ናት፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቅመም ትነግዳለች፤ በእኛና በእሷ ቤት መካከል አንድ ክንድ የማይሞላ መተላለፊያ ብቻ ነው ያለው። አባያዋን ሰብስባ ገብታ ግድግዳውን አየች።

«ስንት ጊዜ ለጠፍሽበት?» አለችኝ።

«በዓመት አንዴ። አንዳንዴ ሁለቴ።»

«በዱቄት?»

«በዱቄት።»

«እኔ ልጆቼን ቂጣ እየቆጠርኩ ሳበላ፣ አንቺ ግድግዳ ትቀልቢያለሽ። መሻገቱ ምን ይገርማል፣ እንኳን አልወለደ።» ቀጥላ ወደ እቴቴ ዞረች። «እማማ፣ ይችን ልጅ ትምህርቱ ነው ያበላሻት።»

«እኔም ብያታለሁ» አሉ እቴቴ። ብለውኝ አያውቁም።

ጋዜጣውን ማንሣት ሁለት ቀን ፈጀ። ሰባት ንብርብር ነበር። የላይኛው ይላጣል፣ የመካከለኛው ይፈርሳል፣ የመጨረሻው ከጭቃው ጋር አንድ ሆኖ በቢላ ነው የሚወጣ። ከሥሩ የተገኘውን መግለጽ አልፈልግም፤ አረንጓዴ ነበር፣ ይነካ ነበር። ወረቀቱን ማቃጠል አላሰብነውም፤ የሚያጨስ ወረቀት ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ጎረቤታችንን ለመጠቅለያ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብላት «በሻጋታ በርበሬ ጠቅልዬ ልታሰር?» አለችኝ። በመጨረሻ በገበቴ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ሊጥ ሲሆን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ደፋነው። የአምስት ዓመት ጋዜጣ ነበር፤ ግማሹን በቃሌ እችለው ነበር።

ቀጥሎ ግድግዳውን በበረኪና ጠረግሁት። እቴቴ ሽታውን እንዳይተነፍሱ በዚያ ቀን ጎረቤት ዋሉ። ቁም ሣጥኑንና አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅኋቸው። እርጥብ ልብስ ከክፍሉ ወጣ። ጎረቤታችን ደግሞ ጣሪያዋ በእኛ ግድግዳ ሥር እንደሚያንጠባጥብ ስታይ ከባሏ ዶማ ወስዳ በመተላለፊያው ውስጥ ራሷ ቦይ ቆፈረች። «የእኔ ውሃ ነው፣ ላስወጣው» አለች። አሸንዳ ቢታሰርበት ይሻል ነበር፤ በቀበሌ ቤት ላይ ግን ሚስማር ለመምታትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለቤቶች ኮሚቴ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ «ጉዳዩ፦ ሻጋታን ስለመከላከል» ይላል። መልሱ ጥቅምት ላይ መጣ። ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው ይላል።

በተራቆተው ግድግዳ ላይ፣ ከእያንዳንዱ እሑድ ኪዳን በኋላ፣ የጥቁረቱን ዳር ተከትዬ በእርሳስ መስመር እሰምርና ቀኑን እጽፍበት ነበር። በረኪናው ሁለት ሳምንት ያህል ገታው። ሐምሌ ሲገባ ከታች ተነሥቶ መውጣት ጀመረ። አንድ እሑድ ሦስት ጣት ወጣ፤ በሚቀጥለው አራት። ጎረቤታችን ስትገባ ስትወጣ «የት አገር ደረሰ?» ትላለች። እቴቴ አይጠይቁም። አልጋቸው ላይ ተጋድመው መስመሩን ያዩታል።

የቀረው መስኮቱ ነበር። ብዙ ቀን ፈርቼ ቆየሁና ነገርኳቸው።

«እቴቴ፣ አየር ካልገባ አይደርቅም።»

«አየር የምትዪው ነፋስ ነው?»

«አዎ።»

«እኔን ከገደልሽ በኋላ ይደርቃል ማለት ነው።»

«እርስዎ ኪዳን ሲሄዱ ልክፈተው። ሲመለሱ ይዝጉት። እርስዎ በሌሉበት ነፋሱ ማንን ይመታል?»

አሰቡበት።

«ገብቶ አልጋዬ ውስጥ ይጠብቀኛል» አሉ።

ቀልድ አልነበረም። ነፋስ ገብቶ ብርድ ልብስ ሥር እንደሚያደፍጥ ያውቁ ነበር። አልጋውን በላስቲክ ሸፍኜ እንደምሄድ ቃል ስገባ ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት እሳቸው ሲወጡ ጨርቁን ከዙሪያው ነቅዬ እከፍታለሁ፤ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ስላለው ሌባ አያስገባም፣ ጣሪያውም ወጣ ያለ ስለሆነ ዝናብ አይመታውም። እኔ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። እሳቸው ሦስት ሰዓት ላይ ይመለሱና ይዘጉታል፣ ይወትፉታል። በቀን ሁለት ሰዓት የማይሞላ አየር ማለት ነው። መስመሩ እሑድ ሁለት ጣት ወጣ። መቀነሱን ሳሳያቸው «ወጥቷል አይደል?» አሉኝ። ወጥቷል።

ያዳነን ፍልሰታ ነው። ነሐሴ አንድ ጾሙ ገባ፤ በፍልሰታ ቅዳሴው በየቀኑ ነው፣ የሚወጣውም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እቴቴ ጠዋት ሄደው፣ ድንጋያቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ አይመለሱም። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ጾም ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መስኮቱ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክፍት ሆነ። መጀመሪያ ላይ ልብ አላልኩትም። በመጀመሪያው እሑድ እርሳሴን ይዤ ስቀርብ የምሰምረው አጣሁ፤ ጥቁረቱ የባለፈው ሳምንት መስመር ላይ ቆሟል። መስመሩን ሳልደግም ቀኑን ብቻ ጻፍኩ። በሁለተኛው እሑድ ጥቁረቱ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ በጥፍር ሲነካ እንደ አመድ ይረግፋል።

ለእቴቴ አሳየኋቸው።

«እመቤቴ ናት» አሉ።

«መስኮቱም ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ክፍት ነበር» አልኩ።

«ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንዲከፈት ማን አደረገ?»

እርሳሴን አንሥቼ ቀኑን ጻፍኩ።

በነሐሴ መጨረሻ ቀበሌው ለአብዮት በዓል ዝግጅት ኖራ አደለ፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ባልዲ። ዓላማው ወደ መንገድ የሚያየውን ግድግዳና አጥር ማስነጣት ነው። በዓሉ ሲያልፍ ዝናብ ያጥበዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይታደላል። እኔ ግን ኖራ ሻጋታ እንደማያስቀምጥ መጽሐፍም ጎረቤታችንም ነግረውኝ ነበር፤ በገበያ ደግሞ ኖራ አይገኝም። የፈረምኩበት ወረቀት «ለቤት ማስዋቢያ የተሰጠ» ይላል እንጂ የቤቱ የትኛው ገጽ እንደሆነ አይገልጽም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ኖራውን በበርሜል አሳድሬ፣ እንዳይለቅ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሬ፣ የእቴቴን ክፍል አራቱንም ግድግዳ ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባሁት። እጄ ለአሥር ቀን ተላጠ።

የጽዳት ኮሚቴው ሰውዬ ጳጉሜ ላይ መጣ። ወጣት ነው፣ ካኪ ለብሷል፣ ሰሌዳ ላይ የታሰረ ቅጽ ይዟል። ከደጅ ቆሞ ግድግዳችንን አየ፤ ከግራም ከቀኝም ነጭ ነው፣ እኛ መካከል ላይ ጭቃ ነን።

«ጓዲት፣ ኖራ አልደረሳችሁም?»

«ደርሶናል» አልኩ።

«ታዲያ የት አለ?»

ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ የፈረምኩበትን ወረቀት ቃል የሚጠቅስ ረዘም ያለ መልስ ነበር። እቴቴ ቀደሙኝ።

«ውስጥ ነው ያለው፣ ልጄ። ገብተህ እይ።»

«እማማ፣ ኖራው የተሰጠው ለውጭ ነው። ሕዝብ የሚያየው የውጩን ነው። የውስጡን ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ። ስተኛም ስነሣም።»

ገባ። ግድግዳውን አየ፤ ጫማውን አውልቆ ባይገባም ጭቃውን ጠርጓል። ከአልጋው ጀርባ አጎነበሰ፣ መዳፉን አስቀመጠ።

«እዚህ ያለው ነገር... የነበረው ነገር፣ ጥቁር ነበር?» አለኝ።

«ጥቁርም አረንጓዴም።»

«የእናቴ ክፍል እንዲሁ ነው። ከበረኪናው ስንት ጣሳ ነው የምታደርጊ?»

ነገርኩት። በቅጹ ጀርባ ላይ ጻፈው፤ ጋዜጣው ይነሣ፣ ቁም ሣጥኑ ይራቅ፣ መስኮቱ ይከፈት። «እናቴ መስኮት አታስከፍትም» አለ። «ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ?» አልኩት። ይስማሉ አለ። እንግዲያው ፍልሰታን ጠብቅ አልኩት፤ ለዘንድሮ አልፏል። ከዚያ ቅጹን ገልብጦ ወደ ፊት ለፊቱ መለሰ። ቅጹ ያለው ሁለት ሣጥን ብቻ ነው፤ «ተቀብቷል» እና «አልተቀባም»። «ተቀብቷል» ላይ ምልክት አደረገ።

«በራፉ ላይ ያሉትን ሁለት ድንጋዮች ግን ቀቧቸው» አለ ሲወጣ። ከባልዲው ሥር የቀረው ኖራ አንዱን ሙሉ፣ ሌላውን እስከ ወገቡ አደረሰ።

ጋሼ ቃሉን ጠብቆ ለመስቀል ዋዜማ ደረሰ። መኪናውን ሰንጋ ተራ አቁሞ በእግሩ መጣ። አልተቀመጠም። አልጋውን ጎትቶ ግድግዳውን መጀመሪያ በመዳፉ፣ ቀጥሎ በእጁ ጀርባ፣ በመጨረሻ በጉንጩ ነካው። ጉንጩ ነጣ። እቴቴ በሩ ላይ ቆመው የነጠላቸውን ጥለት ያፍተለትላሉ። ሳላቸው ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ላለማሳል ከንፈራቸውን ነክሰው እንደነበር አየሁ።

«ደርቋል» አለ ጋሼ።

እቴቴ የነጠላቸውን ጥለት ለቀቁ።

«አሁንማ ፀሐይ ነው፣ ይደርቃል። ሐምሌ ሲመለስስ? ምንድነው ያደረቀው?»

«እመቤቴ» አሉ እቴቴ።

«መስኮቱ» አልኩ እኔ።

ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። «ሁለቱም ይሁን» አለ። «እመቤቴ የእሷን ታድርግ። መስኮቱ ግን ማታም ይከፈታል፤ ሰው የሚተነፍሰው ሲተኛም ነው። ማታ የሚከፈት ከሆነ እዚሁ ኑሪ። ካልሆነ ልብስሽን አውጪ።»

«ተኝቼ?»

«ተኝተሽ።»

እቴቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አርባ ዓመት ሙሉ በነፋስ የተመቱትን ሰዎች አንድ በአንድ የሚያስታውሱ ይመስሉ ነበር፤ አፉ የተጣመመ ነበረ፣ አንገቷ የቀረ ነበረች።

«ምን ያህል?» አሉ በመጨረሻ።

«አራት ጣት።»

«አራት ጣት በር ነው።»

«ሦስት።»

«በሦስት ጣት ድመት ይገባል።»

«ፍርግርግ አለው እኮ፣ እማዬ።»

«ነፋስ ፍርግርግ ያውቃል? አንድ ጣት።»

«በአንድ ጣት ምን ይገባል? ሁለት። ከሁለት አልወርድም፤ መኪናዬ ቆማለች።»

«የማን ጣት?»

ጋሼ ሁለት ጣቱን አነሣ፤ የሾፌር ጣት ነው፣ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና። እቴቴ የራሳቸውን ሁለት አነሡ፤ ከእሱ አንዱን አያህሉም። ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት ጣቶቼን አጋጥሜ መስኮቱ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጋሼ በዚያ ልክ ከማገዶ ላይ አንድ ሽብልቅ ቀርጾ መቃኑ ውስጥ ሻጠው። እቴቴ እንዳልጨመረ ጎንበስ ብለው አረጋገጡ።

ደመራው ተለኩሶ ሲያበቃ ብቻውን ወደ ናዝሬት ተመለሰ። እቴቴ በዚያች ክፍል ከዚያ በኋላ ስድስት ክረምት ተኙ፤ በሻሽ፣ በሻሹ ላይ በነጠላ፣ በነጠላው ላይ በጋቢ ተሸፋፍነው፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጆሯቸው ጥጥ ከተው። ነፋስ አልመታቸውም። ባልተመቱ ቁጥር «እስካሁን» ይሉ ነበር።

ጋሼ በሄደ በማግስቱ ከአልጋቸው ሥር አንድ ነገር እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። ስቤ ሳወጣው በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በገመድ ሦስት ቦታ የታሰረ ጓዝ ነው። ጠርጌ ስቀባ ሳላየው አልቀረም፤ አሮጌ ብርድ ልብስ መስሎኝ ከዚያ ወደዚህ አዛውሬዋለሁ።

«ምንድነው እቴቴ?»

«የናዝሬት ነው» አሉ። «ሐምሌ ላይ ነው የቋጠርኩት። መስመርሽ ከራስጌዬ ሲያልፍ።»

ፈታሁት። የክት ቀሚሳቸው፣ ሁለት ነጠላ፣ የናዝሬት በርበሬ ስለማይታመን አንድ ጣሳ በርበሬ፣ አንድ ጠርሙስ የልደታ ጠበል። የጠርሙሱ ቡሽ ላልቶ ነበር፤ ጠበሉ ቀስ በቀስ ወጥቶ፣ ላስቲኩ ውስጥ መሄጃ አጥቶ፣ ቀሚሱ ላይ ተኝቶ ከርሟል። ከደረቱ እስከ ወገቡ ሻግቷል። በዚያ መስከረም በቤታችን ውስጥ የተገኘ ሻጋታ ያ ብቻ ነበር።

«ጠበል አይሻግትም» አሉ እቴቴ።

«ጠበሉ አልሻገተም። ቀሚሱ ነው።»

ቀሚሱን ወስደው አገላብጠው አዩት። ግድግዳውን እንደማደርቀው አምነውኝ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ አልጠየቅኋቸውም። በሎሚና በጨው አሸነው፣ ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ሰጣነው። ሽታው ለቀቀ፤ ደረቱ ላይ ያለው ነጥብ አልለቀቀም። ለኅዳር ጽዮን ያንኑ ለብሰው ሲወጡ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጣፍተው በር ላይ ቆሙና «ይታያል?» አሉኝ። አይታይም አልኩ። «እንግዲያው መስኮቱን ክፈቺው፣ እየሄድኩ ነው» አሉ።